ኑ የሚል ጥሩንባ፣ ራቁ የሚል ስልክ

የዕድራችን አሮጌ ቃለ ጉባኤ እኔ ዘንድ ነው። ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ ከድንኳኑ፣ ከወንበሩና ከብረት ድስቱ ጋር ተቆጥሮ የተረከብኩት፣ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘ ወፍራም መዝገብ ነው። ወጪ በሚለው በኩል ወር ገብቶ ወር ሲወጣ የማይቀር አንድ መስመር አለ፦ የጥሩንባ ነፊ አበል። ዳኛ ተቀያየረ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ብሩ አቅም አጣ፤ ያቺ መስመር ግን አትጎድልም።

ወጣት አባሎቻችን ስልካቸው ውስጥ ስላለው የአደጋ ማንቂያ ሊጠይቁኝ ሲመጡ መጀመሪያ የገለጥኩላቸው ይህንኑ መዝገብ ነው። ፈገግ አሉ። የቀለድኩ መስሏቸዋል፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር። አዲስ አበባ፣ ልደታ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ክፉ ወሬ በምን ይሰማ እንደነበር፣ ሰምቶስ እግሩ ወዴት ይወስደው እንደነበር ካልታወቀ፣ ስልክ ውስጥ ያለችውን ማብሪያና ማጥፊያ ነክቶ መተው ምንም አይፈይድም። እኛ የለመድነው ማንቂያ ሁሉ «ኑ» የሚል ነው። «ራቁ» የሚለውን ገና አልተማርነውም።

የማንቂያዎች ሁሉ አባት ነጋሪት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ቃሉ በነጋሪት ታጅቦ ከገበያ ገበያ ተላለፈ። ነጋሪት ሲጎሰም ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ ድምፁ ይሄዳል፤ ከድምፁ የሚሸሽ ጥፋት ያለበት ብቻ ነው። ያን ዓመት ነጋሪት የሰማ ሕዝብ የካቲት ላይ ዓድዋ ተገኘ። በአዲስ አበባም አዋጅ የሚነገረው ሰው በሚሰበሰብበት፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በነበረው ገበያ ነበር። ከነጋሪት በታች ያለው እሪታም ያው ነው። ሌሊት «ኡኡ» ሲባል ዱላውን ይዞ ያልወጣ ጎረቤት፣ በኋላ ሌባው በአውጫጭኝ ሲፈለግ ዓይን ይበዛበታል። እሪታ ሰምቶ በር መቀርቀር ነውር ብቻ አልነበረም፤ ያስጠረጥራል።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ልደታ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደወሉ ያለ ሰዓቱ ከተደወለ ሁሉም ወደ ደጀ ሰላም ይሮጥ ነበር። ሌላው የሰፈሩ ምልክት አውሮፕላን ማረፊያው ነው። በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌ እስኪከፈት ድረስ መነሻና መድረሻው ልደታ ነበር። ዛሬም ከወዲያ ማዶ ያለው ሰፈር አሮጌው አየር ማረፊያ ይባላል። አባቴ በአውሮፕላን ማረፊያው የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ፊሽካ ይነፋሉ፤ እኛ ልጆች፣ በግ የሚጠብቁትና በአቋራጭ የሚያልፉት ሁሉ ከሜዳው ወጥተን ዳር እንይዛለን። አሁን ሳስበው፣ በልጅነቴ ከሰማኋቸው ማንቂያዎች ሁሉ «ወደዚህ አትምጡ» የሚለው ያ ፊሽካ ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን የፈራነው አውሮፕላኑን ሳይሆን የአባቴን ቀበቶ ነው።

ዕድር የከተማ ልጅ ነው። ከየአገሩ አዲስ አበባ የገባው ሰው ዘመዱ ርቆበት፣ ብሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ ያቋቋመው ማኅበር ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ልማዶች ሲጽፉ ዕድር በከተማው ሥር ሰዶ ነበር። ስለ ዕድር የሚጽፉ ሰዎች ስለ መዋጮው፣ ስለ ድንኳኑና ስለ እህሉ ይጽፋሉ። ጥሩንባው ግን ያለ አግባብ ተዘልሏል ባይ ነኝ። ጥሩንባ ባይኖር መዋጮ ሰብሳቢው እንጂ ቀባሪው አይገኝም ነበርና።

የኛ ጥሩንባ ነፊ ቀን ቀን ጫማ ያድሱ ነበር። መርዶ ሲኖር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀምረው በየመታጠፊያው ይቆማሉ፤ ረዘም አድርገው ይነፋሉ፤ ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይናገራሉ። ዝምታው ያለ ምክንያት አልነበረም። የተኛው ሰው ነቅቶ፣ ልጁን ጸጥ አሰኝቶ፣ መስኮቱን ገርበብ እስኪያደርግ የተሰጠ ጊዜ ነው። ቀጥሎ የሟች ስም ከነማዕረጉ፣ የቤቱ አቅጣጫ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ደብር እንደሆነ ይነገራል። ሌላ ቃል የለም። «እጅግ አሳዛኝ ዜና» ብሎ ማካበድ የለም። ከሦስት ቤት በኋላ ያለው ሰው ስሙን ባይለይ እንኳ ደጅ ወጥቶ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ በዚያው ሁለቱም ጋቢያቸውን ደርበው ይሄዳሉ።

ጥሩንባው ባለቤት ነበረው። በቃለ ጉባኤው እንደተጻፈው፣ ከሟች ቤት ሁለት ሰው መጥቶ ለዳኛው ሳያስታውቅ ጥሩንባ አይነፋም። ይህ ደንብ የወጣው በወሬ ተነፍቶ በማግሥቱ «ሟች» ተብዬው ጠበል ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው። ሰውየው ራሱ ለጠቅላላ ጉባኤው አቤት ብሎ ስሙ በደማቁ ተመዝግቧል፤ ስሙን አልጽፍም፣ ልጆቹ ዛሬም አባሎቻችን ናቸው። ሰሚውም ግዴታ ነበረበት። ጥሩንባ ሰምቶ ቀብር ያልወጣ 50 ሳንቲም ይቀጣል፤ አልሰማሁም ማለት አያድንም። እንግዲህ ነፊው ይጠየቃል፣ አስነፊው ይጠየቃል፣ ሰሚውም ይጠየቃል። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ማንቂያ ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ይጎድላል።

ደርግ ሲመጣ ጥሩንባው ሁለት ጌታ አገኘ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን፣ ማለትም ቀበሌን፣ አቋቋመ። ቀበሌም ለስብሰባ፣ ለጽዳት ዘመቻ፣ ለሰልፍ መጥሪያ ጥሩንባ አስነፋ። የዕድሩ ጥሩንባ ሲሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ይላል፤ የቀበሌው ሲሰማ ደግሞ «ምን አደረግን?» ማለት ጀመረ። ሁለቱን በአነፋፍ የምንለይ ነበርን። ቀበሌ ከመምጣቱ በፊት ግን ሬዲዮኑ መርዶ ነጋሪነቱን ወስዶት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ሹማምንትና መኰንኖች የተረሸኑት ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው በከርቸሌ ነው፤ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመበት። በማግሥቱ ጠዋት ሬዲዮው ስማቸውን አንድ በአንድ ቆጠረው። አባቴ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ቀብሩ የት እንደሆነ አይናገሩም?» አለ። ስም ያለው፣ ቀብር የሌለው መርዶ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

በግንቦት 27 ቀን 1983 ንጋት ላይ የሆነውን ያየ የከተማው ሰው አይረሳም። ኢሕአዴግ ከተማውን ከያዘ ሳምንት ሆኖታል። ንፋስ ስልክ አካባቢ የነበረው የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ሰማዩ ቀላ። ማንም አላስጠነቀቀም፤ ሬዲዮም፣ ጥሩንባም አልነበረም። ከእኛ ሰፈር ግን ሰው ወጥቶ የሄደው ወዴት ነው? ጭሱ ወደሚታይበት ነው። ዘመድ ያለው ዘመዱን ሊያይ፣ ዘመድ የሌለው ነገሩን ሊያይ። ፍንዳታው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ስሙ የታወቀው ኬንያዊው ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ያን ቀን ሊቀርጽ ቀርቦ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። እነሱስ ሥራቸው ነው። እኛን ማን ጠራን? እግራችን ነው የጠራን፤ እሪታ ወደተሰማበት መሄድ የለመደው እግራችን።

ሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ዕድርን የሚመለከት ነገር አልመሰለንም፤ የሀብታም ዕቃ ነበር። እየረከሰ ሲመጣ የጽሑፍ መልእክት ለመላላክ አሰብን። ነገር ግን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ስለዚህ በሚሊኒየሙ ዋዜማ እንኳ የእኛ ዕድር ያው በጥሩንባው ነበር። በኋላ ላይ ኢንተርኔት በተዘጋ ቁጥር ይህን አስታውሳለሁ። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ጊዜ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ የዕድሩ የቴሌግራም ቡድን ሰባት መቶ አባል ይዞ ድዳ ሆነ። ከሰዎች ቤት እየዞርን አንኳኳን። ማንቂያ ከሚያስፈልግበት ቀን ቀድሞ የሚዘጋ ማንቂያ ምን ይባላል?

ጥሩንባውን ያስቆመው ግን ስልክ አይደለም፤ ግሬደር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የልደታ አሮጌ መንደር በመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ከፊላችን እዚያው በተሠራው ኮንዶሚኒየም ገባን፤ ከፊሉ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ድምፅ ያስገባል፤ የኮንክሪት ፎቅ አያስገባም። ጥሩንባ ነፊያችን ሕንፃዎቹ መካከል ቆመው ሲነፉ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከየት እንደመጣ አይለይም፤ አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ የሰፈር ልጆች የኳስ ጨዋታ ጥሩንባ መሰላቸው። ወደ ዳር የሄዱት አባሎቻችንማ በየትኛው ትንፋሽ ይደረሳሉ? በ2008 ባቡሩ በላያችን ሲያልፍ የድምፅ ነገር አበቃለት። አበሉ ግን ሰውየው እስኪያርፉ ድረስ ተከፈላቸው። ይህን ጠቅላላ ጉባኤው በጭብጨባ ነው ያጸደቀው።

ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጡ መጣ። መስከረም 26 ቀን 2017 እሑድ ማታ፣ ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው ንዝረት ልደታ ድረስ አምፖል አወዛወዘ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ 5.7 ገደማ የሚለካው መጣ፤ የካቲት 7 ሌሊት 6.0 የደረሰው። አዲስ ነገር የሚመስለው ለኛ ነው እንጂ ለከተማው አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገና የድንኳንና የሳር ቤት ከተማ ሳለች ኃይለኛ ነውጥ አግኝቷታል። በ1953 ደግሞ በካራ ቆሬ አካባቢ ለሳምንታት ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። የድሮውን ነውጥ ሁሉ ሰብስበው የጻፉት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ጥናት ጣቢያ ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። ያኔ አብዛኛው ቤት ጎጆ ነበር፤ ጎጆ ቢወድቅ ከላይ የሚመጣው ሳርና ጭቃ ነው። ዛሬ ከላይ ያለው ኮንክሪት ነው።

በታኅሣሡ ሌሊት ያየሁትን ልናገር። ሕንፃችን ሙሉ በደረጃ ወረደ። ሴቱ በነጠላ፣ ወንዱ በጋቢ፣ ሕፃናት ታቅፈው። ሲደርሱ የት ቆሙ? ሕንፃው ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከበረንዳና ከመስታወት በታች፣ ክብ ሠርተው። ብርድ ነበር፤ ግድግዳው ነፋስ ይከላከላል። ልክ እንደ ለቅሶ ቤት ተሰበሰብን። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ «አንድ ላይ ከሆንን ግዴለም» አለች፤ የሁላችንንም ሐሳብ ነው የተናገረችው። ከላይ አንዲት የአበባ ማሰሮ ብትወርድ ስንት ሰው ትጎዳ ነበር። ባለሙያዎች የሚመክሩት ሌላ ነው፦ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ደረጃ አትሩጡ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ሲቆም ውጡና ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ርቃችሁ ሜዳ ላይ ቁሙ። እኛ ሁለቱንም በተቃራኒው ነው ያደረግነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የደረሰው ይብሳል። ናዳው በመጀመሪያ ጥቂት ቤቶችን ነው የቀበረው። እሪታ ተሰማ። እሪታ የሰማ ሁሉ መቆፈሪያውን ይዞ መጣ፤ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ አስተዳዳሪው፣ አራሹ። ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ200 የሚበልጥ ሰው አለቀ፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ሰው ሆኖ ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ የለም። ግን ያን ቀን «አትቅረቡ፣ ኮረብታው ገና አልቆመም» የሚል አንድ ድምፅ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ብዙ ጊዜ እላለሁ።

ስልክ ውስጥ ያለው ማንቂያ የተሠራው ለዚያ ነው። አሠራሩ የጽሑፍ መልእክት አይደለም። የጽሑፍ መልእክት ቁጥር ይፈልጋል፣ አንድ በአንድ ይላካል፣ ሰው ሲበዛ ይጨናነቃል። ይህኛው ከአንቴናው ማማ በአንድ ጊዜ ይሠራጫል፤ በማማው ክልል ያለ ስልክ ሁሉ፣ ቁጥሩ ባይታወቅም፣ እንግዳም ቢሆን፣ በሴኮንዶች ውስጥ ይደርሰዋል። ነጋሪት ማለት ነው፤ በስም አይጠራም፣ በክልሉ ያለውን ሁሉ ይጠራል። ብዙ ስልክ ላይ ድምፅ ቢጠፋም ይጮኻል። የእህቴ ልጅ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2023 አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ ሙከራ ሲደረግ የመሥሪያ ቤቷ ሰው ስልክ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ። «አጎቴ፣ ጦርነት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። አስቀድሞ ተነግሯቸው እንኳ።

ሐሰት ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2018 የሃዋይ ሕዝብ ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ ሙከራም አይደለም የሚል መልእክት ስልኩ ላይ አገኘ። ሰው ልጁን ጉድጓድ ውስጥ ከተተ። ስሕተት እንደነበር በስልክ የተነገረው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። ይህን ለዕድር ኮሚቴያችን ሳነብ የሳቀ የለም። አንድ አዛውንት «ከሟች ቤት ሁለት ሰው አልመጣም ማለት ነው» አሉ። የጉዳዩ ልብ እዚያ ነው።

እኛ አገር ነገሩ በመንገድ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት «ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለሁሉም» ብሎ እስከ እ.ኤ.አ. 2027 መጨረሻ የዓለም ሕዝብ ሁሉ እንዲደረስ ባቀደው ሥራ፣ ከመጀመሪያዎቹ 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እስከዚያው የምንማርበት ነገር አለን፤ በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 2012፣ ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት እጅ ታጠቡ የሚለውን ድምፅ ሰምተናል። መጀመሪያ ሰማነው፣ ከዚያ ሰለቸን፣ በመጨረሻ ሳንሰማው እናልፈው ጀመር። ማንቂያ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ በብዛት።

ስለዚህ ለወጣቶቹ የነገርኳቸው ይህን ነው። ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ሴፍቲ ኤንድ ኢመርጀንሲ» የሚል ታገኛላችሁ፤ በውስጡ የገመድ አልባ ማንቂያ አለ። በአይፎን ኖቲፊኬሽን የሚለው ገጽ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አገልግሎቱ ባለበት አገር። ማብሪያዎቹ ብዙ ናቸው፦ ለሕይወት የሚያሰጋ፣ ከባድ፣ የጠፋ ልጅ፣ የሙከራ። አሜሪካ ላይ ትልቁን፣ አገር አቀፉን፣ ማጥፋት አይቻልም፤ ሌሎቹን ይቻላል። አንዱ ልጅ «የሚጮኽብኝን ሁሉ አጠፋዋለሁ» አለ። የሙከራውን አጥፋ፣ አልኩት፤ ለሕይወት የሚያሰጋ የሚለውን ግን እንዳትነካ። ጥሩንባ ነፊያችንን ቤታቸው ሄዶ «እኔ በር ላይ አትንፉ» ያለ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልነበረም።

የኛ ዕድር ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ነገር ወስኗል። የቴሌግራም ቡድናችን ለሁለት ተከፍሏል፦ አንዱ የለቅሶ ነው፣ እንደ ድሮው «ኑ» የሚል። ሁለተኛው የአደጋ ነው፤ በዚያ ላይ ኮሚቴው ብቻ ይጽፋል፣ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ያረጋግጣል፣ የመጀመሪያው ቃልም ሁልጊዜ ሰው የት እንዳይሄድ የሚናገር ነው፤ የት እንደሚሄድ ከዚያ ይከተላል። ለመሬት ነውጥ መሰብሰቢያችን የቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ነው፤ ሕንፃው ሥር መቆም በመቀጮ ተከልክሏል። መቀጮው አሁን 50 ብር ነው።

በየሰፈሩ ያላችሁ የዕድር ጸሐፊዎች፣ ይህን ደንብ ውሰዱት፣ የራሳችሁን ጨምሩበት። ልጆቻችሁ ስልካችሁን ከፍተው ማንቂያውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ላይ ይደወላል። ስልክ ስለሚጠፋ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ለጥፏቸው።